የሚታየው ወንበርና የሚደበቀው ወንበር

ጠመኔ፣ ቁልፍ ወይም የሻይ ማንኪያ ከእጃችሁ ወድቆ፣ መውደቁን በጣቶቻችሁ ሳይሆን በጆሯችሁ ያወቃችሁበት ቀን አለ? ካለ እባካችሁ ይህን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እንዲህ ያለ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሦስት ቀን በከንቱ አላሳልፍም ነበር።

እኔ ሰሚራ እባላለሁ። ቡራዩ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። የታኅሣሥ ወር ነው። የውሃ ዑደትን እያስረዳሁ፣ ተማሪዎቼ የሚያውቁትን የገፈርሳን ግድብ በሰሌዳው ላይ ሥዬ፣ ከውሃው ወደ ደመናው የሚወጣውን ቀስት ልስል ስል ጠመኔው ወደቀ። ሌላ አነሳሁ። እሱም ወደቀ። ሦስተኛው ሲወድቅ ከኋላ ወንበር አንዷ፣ «ቲቸር፣ ጠመኔውም ደከመው!» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የጣቶቼ ጫፎች እንደ ደነዘዘ እግር ይወጉኝ ነበር። የእግር ጣቶቼም እንደዚያው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለአራት ቀን ተቅማጥ አሞኝ ነበር። ሁለቱን ግን አላገናኘሁም። ከፋርማሲ ቫይታሚን ገዝቼ ዋጥኩ። እናቴ፣ «ብርድ ነው» ብላ በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሸችኝ። በሦስተኛው ቀን የሚኒባሱን ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ረዳቱ፣ «ፈጠን በይ እህት፣ ሰው ይጠብቃል!» እያለ በክንዴ ጎትቶ አስገባኝ። በአራተኛው ቀን ሽንት ቤት ቁጢጥ ካልኩበት መነሳት አልቻልኩም። እናቴ በብብቴ ይዛ አነሳችኝ። ያን ዕለት አዲስ አበባ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄድን።

ዶክተሯ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታችው። እግሬ አልተንቀሳቀሰም። ሌላውንም መታችው። ያው ነው። ከጀርባዬ አጥንት መሐል ፈሳሽ ወሰዱ። የበሽታው ስም ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። ለተማሪ እንደማስረዳው ላስረዳችሁ፦ ሰውነታችን አንድን ጀርም ከተዋጋ በኋላ ተሳስቶ የራሱን የነርቭ ሽፋን እንደ ጠላት ያጠቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ሲበላ ምን ይሆናል? ሽቦው አለ፣ መብራቱ ግን አይደርስም። የእኔም እግሮች ነበሩ፤ ትእዛዙ ነው ያልደረሳቸው።

«በአንድ ትንፋሽ የቻልሽውን ያህል ቁጠሪ» አለችኝ ዶክተሯ።

ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት።

ከሰዓት በኋላ መጣች። «ቁጠሪ።» አሥራ ዘጠኝ።

በማግስቱ። አሥራ አንድ።

ከዚያ ሰባት።

«ይበቃል» አለች። ፊቷን ወደ ነርሷ አዞረች። «አይሲዩ ቦታ ይያዝ።»

ቱቦ በጉሮሮዬ ገባ። ማሽን ተነፈሰልኝ። መናገር የለም። መንቀሳቀስ የለም። መስማት አለ። አሥራ አምስት ቀን።

አይቪአይጂ የተባለውን መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። መድኃኒቱ እንዴት እንደተገኘ እናቴ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ ግን እጇን አየሁት። ከማግባቷ ጀምሮ አውልቃ የማታውቃቸው የወርቅ አምባሮች አልነበሩም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ስወጣ ዶክተሯ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ነርቭ ይመለሳል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። እግርሽ መጨረሻ ነው የሚመጣው። እኛ ከሞት ነው ያስቀረንሽ። ዋናው ሥራ ቤት ስትገቢ ነው» አለች። ይህን ስትናገር ቤቴ ምን እንደሚመስል አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም።

ቤታችን እንዲህ ነው። መንገዱን ይዞ የእናቴ የቅመማ ቅመም ሱቅ አለ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የምንኖረው በሱ ነው። ከሱቁ ጀርባ ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት፣ ከዚያ ግቢ፣ በግቢው ጥግ ሽንት ቤት። ከአልጋዬ እስከዚያ ጤነኛ ሳለሁ ሃያ ሁለት እርምጃ ነበር። ከእርምጃው በኋላ ሦስት ደረጃ። ከደረጃው በኋላ ጠባብ በር። ከበሩ በኋላ ቁጢጥ የሚባልበት ቀዳዳ።

ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ አዘለችኝ።

በቀን አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ገበያተኛ ሱቅ ላይ አቁማ ትመጣለች። አንዳንድ ቀን በርበሬ እየሰፈረች ስጠራት፣ እጇን ሳትታጠብ ሮጣ መጥታ ትሸከመኝና ሁለታችንም ስናስነጥስ እንደርሳለን። ከሶላት በፊት ውዱእም የምታስደርገኝ እሷ ነበረች፤ ፊቴን፣ እጄን፣ እግሬን እንደ ሕፃን። እሷን ላለማስቸገር ውሃ መጠጣት ቀነስኩ። በወሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞኝ በትኩሳት ተመልሼ ሆስፒታል ገባሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ታማሚ ይህንኑ እንደሚያደርግ ስለማውቅ ነው። አታድርጉት።

ያን ሰሞን የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። «ክፍልሽን እስከ መስከረም እንይዝልሻለን» አሉኝ። ሊሄዱ ሲነሱ ደግሞ፣ «ግን ሰሚራ፣ የሚደግፍሽ ሰው መመደብ አንችልም። ራስሽን ችለሽ ነው የምትመጪው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። መስከረም። ራሴን ችዬ። ራስን መቻል ደግሞ የሚጀምረው ከሰሌዳ ሳይሆን ከሽንት ቤት ነበር።

ሚያዝያ ላይ ዊልቸር ተሰጠኝ። ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከቡራዩ የተጠራን ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰበሰብን። ንግግር ተደረገ፤ ከየወንበራችን ጋር ፎቶ ተነሳን። አጠገቤ የነበሩት የሱሉልታ እናት ጎማውን በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ «ይሄ የአስፋልት ነው። የእኔ ደጅ ጭቃ ነው። ምናልባት አስፋልቱም ተከትሎ ይመጣ ይሆናል» አሉኝ፤ ከዚያ ካሜራው ሲዞርላቸው ፈገግ አሉ። ሰጪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። የእግሬን መጠን ግን አልጠየቁኝም፤ የቤቴን በር ስፋትም።

ወንበሩ በሳሎናችን በር ያለፈው ተጣጥፎ ነው። ሲዘረጋ በበሩ አይወጣም፤ በአራት ጣት ያህል ይሰፋል። ቢወጣም ሦስቱ ደረጃዎች አሉ። ቢወጣቸውም የሽንት ቤቱ በር አለ። እናቴ ግን ወደደችው። ከሶፋው አጠገብ፣ እንግዳ ሲገባ በሚታይበት ቦታ አስቀመጠችው። የተሸፈነበትን ፕላስቲክ ላነሳለት ስል፣ «ተይው፣ ይቆሽሻል» አለች። እስከ ዛሬ ፕላስቲኩ አለ።

ሽንት ቤታችን ምን ዓይነት እንደሆነ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሆስፒታል እየተመላለስኩ እጅና እግሬን የሚያሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ከታመምኩ ስድስተኛው ወር ነበር። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና፣ «ታዲያ እዚህ ጉልበትሽን የማሠራው ቤትሽ ገብተሽ እንድትታዘይ ነው?» አለ። ቀጥሎ ምን እንደሚያስፈልገኝ በወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ ቀዳዳው ላይ የሚቆም ከፍ ያለ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ መደገፊያ ብረት፣ በደረጃው ፋንታ ተዳፋት። «ውድ አይደሉም፤ ብረት በያጅ ይሠራቸዋል» አለኝ።

እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ፣ የያዘውን በሚያንሸራትተው ጣቴ ማስመሪያ ይዤ፣ ወንበሩን ከፊት፣ ከጎንና ከላይ ሣልኩት። ልኩን ከስልኬ ላይ አወጣሁ። የብረት በር የሚሠሩልንን በያጁን ኦቦ ገመቹን በእናቴ በኩል አስጠራኋቸው። የሥራ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጡ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ ልጄ?» አሉ። ሥዕሉን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። «ያምራል» አሉ። «ግን ሥዕል አይቀመጥበትም። ታኢ፣ ተቀመጪ እስቲ።»

ባልዲ ገልብጠው አስቀመጡኝና ተነሺ አሉኝ። አልቻልኩም። ከባልዲው ሥር ብሎኬት ጨመሩ። አልቻልኩም። ጣውላ ጨመሩ። ሌላ ጣውላ ደገሙ። ተነሳሁ። ያን ጊዜ ብቻ ሜትራቸውን አወጡ። የእኔ ሥዕል በአንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ያለ ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ፦ መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር ጭን ሰውነትን ለማንሳት የሚያወጣው ጉልበት ይጨምራል። ልኩ ያለው በስልክ ውስጥ ሳይሆን በታማሚው ጭን ውስጥ ነው። «እኔ ለበር እንኳ ሳልለካ ብረት አልቆርጥም። አንቺ ከበር ታንሻለሽ?» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

ወንበሩን ከተሰበረ የተማሪ ወንበር አጥንት ሠሩት። ላዩ ላይ የፕላስቲክ መቀመጫ አሰሩበት፤ እንዳይንሸራተት እግሮቹን ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ አለበሷቸው። ከመኝታ ቤቴ በር እስከ ሽንት ቤቱ በግድግዳው ላይ የውሃ ቧንቧ ዘረጉ። ደረጃዎቹን በድንጋይና በሲሚንቶ ሞልተው ተዳፋት አደረጓቸው። ሁሉም ለፊዚዮቴራፒ የምመላለስበት ኮንትራት ታክሲ በሁለት ሳምንት ከሚወስደው ገንዘብ የበለጠ አልወሰደም። የቀረውን እኔ በቤት ሠራሁ፦ የማንኪያውን እጀታ እንዲወፍርልኝ በብስክሌት የውስጥ ጎማ፣ በካላማዳሪ፣ ጠመጠምኩት፤ ወደ ታች ተንጠልጥሎ የሚያደናቅፈኝን የእግሬን ጫፍ ከጫማ ማሰሪያዬ ወደ ቁርጭምጭሚቴ በሚስብ ላስቲክ አነሳሁት፤ ለጠመኔም ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ ፈልጌ ጠመኔውን በውስጡ ሰካሁት። ቱቦው ወፍራም ስለሆነ ከእጄ አይወድቅም። በመኝታ ቤቴ በር ላይ «የውሃ ዑደት» ብዬ ጻፍኩበት።

በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፣ እናቴ ሱቅ ከፍታ ከመጀመሪያ ገበያተኛዋ ጋር ስትከራከር እየሰማሁ፣ በአንድ እጄ ቧንቧውን በሌላው ክራንቼን ይዤ፣ ድሮ ሃያ ሁለት የነበረውን በስልሳ አንድ እርምጃ ጨረስኩ፤ ተዳፋቱን ወጣሁ፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩ፤ ተቀመጥኩ፤ ራሴ ተነሳሁ፤ ኦቦ ገመቹ ከበሩ ጎን በበየዱልኝ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ማንቆርቆሪያ ውሃ እያፈሰስኩ ከስድስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጄ ውዱእ አደረግሁ። ያን መቀርቀሪያ ለመክፈት አልቸኮልኩም። በር ዘግቶ ብቻን መሆን ምን እንደሆነ ያልታመመ ሰው አይገባውም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

በሰፈራችን ታማሚ ይጠየቃል። ለወራት ይጠየቃል። ሊጠይቅ የመጣ ደግሞ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ የጠጣም ሽንት ቤት ይሄዳል። አንድ እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ከሽንት ቤት ተመልሳ ተቀመጠችና፣ «ምነው እህቴ፣ ልጅሽን ብረት ላይ ሰቅለሽ ሱቅ ትውያለሽ እንዴ? እጅሽ ዛለ?» አለቻት እናቴን። እየሳቀች ነበር። እናቴም ሳቀች። እኔ ግን የእናቴን ፊት አየሁት።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ ቀድማ ወጥታ ወንበሩን ከሽንት ቤት ታነሳና ከሱቁ ጓሮ ከበርበሬ ጆንያዎች ኋላ ትደብቀዋለች። በቧንቧው ላይ ብርድ ልብስ ታሰጣለች። እንግዳው ሲሄድ ትመልሳለች። ሳሎን ውስጥ የማልቀመጥበት ወንበር በፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፤ የምኖርበት ወንበር ጆንያ ኋላ ይቆማል።

«እማ፣ ለምንድን ነው የምታነሺው?» አልኳት።

«እንግዳ ይገባበታላ።»

«ይግባ! እሱም ይቀመጥበት።»

«ዝም በይ አንቺ! እኔ እያለሁልሽ ብረት ተሸከማት ይበሉ?»

ተናደድኩና ዝም አልኩ። የእኔ ስሕተት ይህ ነው።

ነሐሴ። እሑድ። ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንግዶች መጥተው ሄደዋል። እትዬ ዘሀራ ብቻ ሳሎን ቀርታለች። እናቴን ገበያተኛ ከሱቅ ጠራት።

ወጣሁ። ገባሁ። በሩን ቀረቀርኩ። ጨለም ያለ ነው። ዞርኩ። መደገፊያውን ያዝኩ። ጤነኛ ሰው ከመቀመጡ በፊት ወንበሩ ባቱን ሲነካው ይሰማዋል። የእኔ ባት ያን ጊዜ ምንም አይሰማውም ነበር። በልማድ ነው የምቀመጠው።

ተቀመጥኩ።

ወንበር አልነበረም።

የቀኝ እጄ አንጓ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። እንደ ጠመኔ ነው።

እናቴ ከውጭ በሩን ትደበድባለች። «ክፈቺ! ሰሚርዬ ክፈቺ!» በዚያ የምኮራበት መቀርቀሪያ ዘግቻለሁ። በግራ ክንዴ እየተሳብኩ ደረስኩበት። ስከፍተው እናቴ የበርበሬ መስፈሪያውን እንደያዘች ቆማ ነበር። እኔን አላየችም መጀመሪያ። ባዶውን ቀዳዳ ነው ያየችው።

ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ። በተሰበረ እጅ ቧንቧም ክራንችም አይያዝም። እናቴ እንደገና አዘለችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተዳፋቱ ላይ እንዳለን ጀርባዋ ቋ አለ፤ እኔን ሳትጥል ቀስ ብላ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ዲስክ መንሸራተት ነው አሉ። መስከረም መጣ፣ አለፈ። ክፍሌ ለሌላ መምህር ተሰጠ። በኅዳር ስመለስ ቤተ መጻሕፍት ተመደብኩ፤ ተማሪ የማይመጣበት፣ ቀን ሙሉ አቧራ የማራግፍበት ክፍል። ቱቦው ከነጠመኔው በኪሴ አለ። ሰሌዳ የለም።

ማንን ልውቀስ? ብዙ ወራት እናቴን ወቀስኩ። ዝም ብዬ፣ በልቤ፣ እሷ እያጎረሰችኝ። ከዚያ አሰብኩት። ስለዚያ ወንበር ለፊዚዮቴራፒስቱ አስረድቻለሁ። ለኦቦ ገመቹ በሦስት በኩል ሥዬ አሳይቻለሁ። ሊጠይቁኝ ለመጡ መምህራን ሁሉ አስረድቻለሁ። እናቴን ግን አንድ ቀን እንኳ፣ «ነይ ተቀመጪበት» አላልኳትም። አምባሮቿን ለሰጠችልኝ ሴት ወንበሩ እጇን የሚተካ እንጂ የሚያሳርፍ እንዳልሆነ ሆኖ ነው የታያት። አስተማሪ ነኝ እላለሁ።

አንድ ጠዋት፣ ታኅሣሥ ተመልሶ መጥቶ፣ በክራንቼ ወደ ሽንት ቤት ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ሰው አለ» አለች እናቴ ከውስጥ።

ቆሜ ጠበቅኩ። በዚያ ጀርባ ቁጢጥ ማለት እንደማትችል ሐኪሙ ነግሯታል። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ቧንቧውን ይዛ፣ አንድ እርምጃ፣ አንድ እርምጃ፣ ወደ ሱቋ ሄደች። ወንበሩ በቦታው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ተነስቶ አያውቅም።

ይህን ከመጻፌ ከአንድ ሳምንት በፊት እትዬ ዘሀራ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። እናቴ፣ «የሽንት ቤቱ ወንበር ለጀርባዬ ብዬ ያሠራሁት ነው። ገመቹ ነው የሠራው። ግቢና ሞክሪው» አለቻት። እትዬ ዘሀራ ገባች፤ ቆየች። ስትመለስ፣ «ወይ ጉድ! ጉልበቴን እኮ አሳረፈው። ለእኔስ ይሠራልኛል?» አለች። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ለእኔ ሲሆን ነውር የነበረው ለእሷ ሲሆን ብልሃት ሆነ። አልሳቅሁም። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ በግራ እጄ፣ ሳላፈስ።

ምስጋናዬን እንደ ሥርዓቱ ላቅርብ። «ቁጠሪ» ላለችኝ ዶክተር፣ ስለ ሽንት ቤታችን ለጠየቀኝ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሳይለኩ ላልቆረጡት ለኦቦ ገመቹ። ዊልቸሩን ለሰጡኝም አመሰግናለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከካሜራው ጋር ሜትር ይዘው እንዲመጡ እለምናለሁ። ለእናቴም፤ እሷን እንዴት እንደማመሰግን ገና አላወቅሁም።

ምክሬ አጭር ነው። ጣታችሁ ከደነዘዘ፣ ድንዛዜው ከእግር ወደ ላይ እየወጣ ከመጣ፣ ያንኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። ቤታችሁ ታማሚ ካለ፣ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት በራችሁን ለኩ፤ ነገር ከማሠራታችሁ በፊት ታማሚውን አስቀምጡት።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ሞክሩልኝ። ዝቅ ያለ በርጩማ አምጡ። ተቀመጡበት፤ ሁለቱን እጆቻችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፤ ምንም ሳትይዙ፣ በአንድ እግራችሁ ብቻ ለመነሳት ሞክሩ። አትችሉም፤ ትስቃላችሁ። ሳቁ። ከዚያ ያንኑ በርጩማ ለቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ ስጡ። በመጀመሪያ የሚቀመጠው ግን እንግዳ ሲመጣ ዕቃውን የሚደብቀው ሰው ይሁን።